ለሁለት ግማሽ ኪቦርድ አንድ ሙሉ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የመዝገብ መሥሪያ ቤታችን የመረጃ ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የሁለቱንም እጆችዎን ምቾት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የእጅን ነገር ያነሣሁት ለወግ ያህል አይደለም፤ የገዛ ቀኝ እጄ ካስቸገረኝ ወዲህ የሰው ሁሉ እጅ ያሳስበኛል፤ በተለይ ደግሞ ፊርማ የሚጠበቅበት እጅ።

እኔ ከእርስዎ ቢሮ ጥቂት ፎቆች ዝቅ ብሎ በምድር ቤቱ አዳራሽ፣ በሦስተኛው መስኮት ተቀምጬ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት የምጽፍ ሠራተኛ ነኝ። በመልክ ላያውቁኝ ይችላሉ። ማመልከቻዎቼን ግን ሳያውቋቸው አይቀሩም፤ አንደኛው የማይነበበው ነው፣ ሌላኛው የሚጮኸው ነው።

ጉዳዬ ሲጀመር አጭር ነበር፤ ያስረዘምኩት እኔው ነኝ። ዘመኔን በሙሉ ጠባብ ኪቦርድ ላይ ሁለት እጄን እንደ ሌባ አጣምሬ ስጽፍ ኖሬ፣ በቅርቡ የቀኝ አውራ ጣቴ መስማት አቆመ። ብርጭቆ እይዛለሁ ስል ይወድቃል። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ በገዛ እጁ የተከላቸውን የሸሚዜን ቁልፎች ጠዋት ጠዋት እንደ ሕፃን አቁሞ ይቆልፍልኛል። ሐኪሙ የእጄን አንጓ ከመረመረ በኋላ፣ ነርቩ መጨመቁን፣ በዚያው ኪቦርድ ከቀጠልኩ ጣቴ ለዘለቄታው እንደሚደነዝዝ፣ ለሁለት የተከፈለና እጆቼን አራርቆ የሚያስቀምጥ ኪቦርድ ብጠቀም ግን ተስፋ እንዳለኝ ነገረኝ።

ታናሽ እህቴ ኮምፒውተር መሸጫ ውስጥ ትሠራለችና እንድታዝልኝ ጠየቅኋት። እሷም ፊደሎቹ እንዴት እንዲደረደሩልኝ እንደምፈልግ መልሳ ጠየቀችኝ። ጤነኛ ሰው ቢሆን እንደ ሰው ሁሉ ይሁንልኝ ብሎ ነገሩን ይዘጋው ነበር። እኔ ግን አንድ ቪዲዮ አይቼ አዋቂ ሆኜ ስለነበር፣ አናባቢዎቹ በሙሉ በግራው ግማሽ፣ ተነባቢዎቹ በሙሉ በቀኙ ግማሽ እንዲሆኑ አዘዝኩ። ተነባቢ አጥንት መሆኑን፣ አናባቢ ሥጋ መሆኑን፣ ለየራሳቸው ቤት እንደሚገባቸው ለእህቴ በሰፊው አስረዳኋት። እሷም እንዳልኳት አዘዘችው።

ዕቃው ሲመጣ ሣጥኑን ብከፍት ለሁለት ተገምሶ አገኘሁትና፣ መንገድ ላይ ተሰብሮ ነው የመጣው ብዬ ስልክ አንሥቼ ጮህኩባት። እሷም በእርጋታ፣ «እትዬ፣ የገዛሽው እኮ መሰበሩን ነው» አለችኝ።

ይሁንና በእህቴ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱንም ግማሾች ሰክቼ መጻፍ ስጀምር፣ እጆቼ እንደ ልባቸው ተዘርግተው፣ ያለ ሕመም አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ አላስታውስም። ማልቀሴን ግን አልደብቅዎትም። እንግዲህ በዚህ ደስታ ሰክሬ፣ ኪቦርዴን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ ወደ መሥሪያ ቤት ይዤው ገባሁ፤ ቅሬታዎቼም ከዚህ ይጀምራሉ።

አንደኛ፣ ስለ ኮምፒውተሩ። በመስኮቴ ያለው ኮምፒውተር የሚሠራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የሠራው ድርጅት እንኳን ከእንግዲህ አላውቅህም ብሎ የተወው መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የመዝገቡ ፕሮግራም ከእርሱ ሌላ በምንም ላይ አልሠራም ስላለ አብረው እንዲያረጁ ተወስኗል። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ እኔም አርጅቻለሁና የሚያዝንልኝ ዘመናዊ ነገር አልፈልግም። ችግሩ ይህ ሲስተም በአንድ ኪቦርድ ብቻ የሚያምን መሆኑ ነው። የኔ ሁለት ግማሾች የየራሳቸው ገመድ ስላላቸው ለእርሱ ሁለት ኪቦርዶች ናቸው፤ ስለዚህ ቀድሞ የተሰካውን ይቀበልና ወደ ሌላኛው ዞሮም አያይም። እንዲህ ያለ ታማኝነት በትዳር ቢሆን ኖሮ የፍቺ መስኮታችን በተዘጋ ነበር።

እኔም ተስፋ ሳልቆርጥ፣ አንድ መሆናቸውን ያምን እንደሆነ ብዬ ሁለቱን ግማሾች በፕላስተር አጣብቄ አቀረብኩለት። አልተታለለም። የላኩልኝ ባለሙያም መጥቶ ፕላስተሩን በአዘኔታ እያየ፣ ሲስተሙ የሚያየው ግማሹን ብቻ እንደሆነ አስረዳኝና «ለማንኛውም አጥፍተሽ አብሪው» ብሎኝ ሄደ። ሲሄድም ለአንድ ሰው አንድ ኪቦርድ ነው የሚፈቀደው በማለት የድሮውን ይዞት ሄደ። ምክሩን አክብሬ አጠፋለሁ፣ አበራለሁ፤ ከሥራዬ ሁሉ አሁን የተካንኩበት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ወጣው ጽሑፍ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ተነባቢ አናባቢ ካላገኘ ሁሉም በሳድስ ይወጣል። ቀኙን ግማሽ ብቻ የሚያየው ኮምፒውተር የጻፍኩትን በሙሉ ሥጋውን ገፎ አጥንቱን ያስቀርልኛል። አባት «ብት» ይሆናል፣ እናት «ንት» ትሆናለች፤ ከቤተሰብ ሳይነካ የሚተርፈው «ልጅ» ብቻ ነው። «ችግር» የሚለውን ቃል አንድም ሳያጎድል አሳምሮ ይጽፋል፤ «መፍትሔ» ሲባል ግን ይንተባተባል። «ይቅር» ይላል፤ «ይቅርታ» አይወጣለትም። እዚህ ቤት ምን ያህል እንደኖረ ከዚህ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን አስቀድሜ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ዓይኔ ከአዲሱ ኪቦርዴ ውበት ላይ አልነቀል ስላለኝ፣ አንዴም ወደ ኮምፒውተሩ መስተዋት ቀና ሳልል የሁለት ተጋቢዎችን ምስክር ወረቀት ጽፌ፣ አትሜ፣ በመስኮቱ አቀበልኩ። ሙሽራው በሙያው ጠበቃ ስለነበረ «ጥብቅ» ተብሎ ወጣ፤ በዚህ የተከፋ አይመስልም። «ባል» የተባለበት ቦታ ግን «ብል» ይላል። ሙሽራይቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ካነበበችው በኋላ ወደ ሙሽራው ዞራ፣ «ልብሴን ሁሉ ልትበላብኝ ነው እንዴ?» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ግን ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። ያኔ ገና ያልተወሰደብኝን የድሮ ኪቦርዴን መልሼ ሰክቼ፣ ጣቴ እየተቃጠለ እንደገና ጻፍኩላቸው። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው፣ እርሱም ባል እንደመሆኑ ነገሩ ከደንበኞቹ ጆሮ እንዳይደርስ አደራ አለኝ። ልብሱን የሚሰጠው ሰው ብል መሆኑን የሚወድ ደንበኛ የለም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፈቃዱ። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ የክብሪት ቀፎ የምታህል አንዲት ማገናኛ ናት። ሁለቱን ግማሾች ተቀብላ ለኮምፒውተሩ አንድ አድርጋ ታቀርባቸዋለች፤ እኔ በፕላስተር ያቃተኝን ማለት ነው። እህቴ በሱቃቸው ጓዳ ከኔው ኮምፒውተር እኩል ያረጀ ፈልጋ ሞክራታለች፤ ሠርታለች። ይሁን እንጂ ያልተፈቀደ ዕቃ ከመዝገብ ኮምፒውተር ጋር እንዳይሰካ በመመሪያ ስለከለከሉ ፈቃድዎን መጠየቅ ነበረብኝ። ፈቃድ የሚጠየቀውም በሲስተሙ ውስጥ፣ ከጠያቂው ኮምፒውተር፣ በጠያቂው ኪቦርድ ተጽፎ መሆኑን ጸሐፊዎ በትሕትና አስታወቁኝ።

በተውሶ ኪቦርድ ልጽፈው እችል ነበር። ግን እልኸኛ ነኝ። በቀኙ ግማሽ ጻፍኩትና «አቤቱታ» ያልኩት «ብትት» ሆኖ ወጣ፤ ብትቶ ብሎ እንዳይሰድበኝ እንኳን አናባቢ አጠረው። ማመልከቻዬ ሊነበብ ባለመቻሉ ውድቅ መደረጉ በፍጥነት ተገለጸልኝ፤ ስለ ፍጥነቱ ከልብ አመሰግናለሁ። በማግስቱ ቀኙን ነቅዬ ግራውን ሰካሁ። የግራው ግማሽ ከነ አ፣ ኡ፣ ኢ በቀር የሚያውቀው የለም። በእነርሱ ብቻ ግን ከአቤቱታ ሁሉ ግልጹን መጻፍ እንደሚቻል ተገለጠልኝና «ኡኡ» ብዬ ላክሁ። ክፍልዎም ጥያቄዬን አብራርቼ እንዳቀርብ አሳሰበኝ። በታዘዝኩት መሠረት አብራርቼ «ኡኡኡኡኡ» አልኩ።

አራተኛ፣ ይህን ቁጥር ለእርስዎ ምላሽ ቦታ ብዬ ትቼው ነበር። ንጹሕ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ዝውውሩ። በዚህ ሳምንት የቅርብ አለቃዬ ወደ ቢሯቸው አስጠርተው፣ ክፍልዎ ኪቦርዴ ከሲስተሙ ጋር የማይጣጣም መሆኑን ስላረጋገጠላቸው፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ለጤናዬ ሲባል ከመስኮቱ ተነሥቼ ወደ ሰነድ ማከማቻው እንድዛወር መወሰኑን ነገሩኝ። በሰነድ ማከማቻው ውስጥ የሚጻፍ ነገር የለም፤ ሣጥን መሸከም ነው። ቁልፍ መጫን የተሳነው እጅ ሣጥን ቢያነሣ ይሻለዋል ብሎ ያሰበልኝ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ፣ ይህን ደብዳቤ ለእርሱም በገለበጥኩለት ነበር። አለቃዬ ግን ክፉ ሰው አይደሉም። የኃላፊው ፊርማ ከመጣ ዝውውሩን በዚያው ሰዓት እቀድደዋለሁ ብለውኛል። የቀረው እንግዲህ የእርስዎ ፊርማ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ገታ ላድርግና እውነቱን ልንገርዎ፤ ፈርቻለሁ። ያችን መስኮት እወዳታለሁ። ቀዝቃዛ ናት፣ መስታወቷ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሰልፉም አያልቅም። ነገር ግን ሰው ገና ያልጠነከረ ልጁን ታቅፎ መጥቶ ስሙን ሲነግረኝ፣ ያንን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንዳንዱ አባት ስሙን ሲጠራ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ገና አፉ አልለመደውም። አንዳንዷ እናት ደግሞ ስሙን ከነገረችኝ በኋላ መሳሳት እንዳይኖር ብላ ቀስ አድርጋ ትደግምልኛለች። ሟች የሚያስመዘግቡትም መጥተው የሟቹን ስም ለመጨረሻ ጊዜ ሲነግሩኝ፣ ፊደሉ እንዳይሳሳት የምጨነቀው ሌላ ላደርግላቸው የምችለው ነገር ስለሌለ ነው። ሣጥን ውስጥ ያለ ሰነድ ማንንም አያይም። እኔ ደግሞ ሰው እያየሁ መጻፍ እንጂ ሌላ ሥራ አላውቅም፤ ይህን በማለቴ ቢስቁብኝ አልቀየምም፤ እኔም በራሴ ስስቅ ከርሜያለሁ።

በዚህ አጋጣሚ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ሦስት ፎቅ ወርደው ኪቦርዴን በዓይንዎ ባለማየትዎ አመሰግናለሁ፤ ቢያዩት ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅና የመጻፍ ችሎታዬን በዚህ ደብዳቤ የማሳይበት ዕድል ባላገኘሁ ነበር። ያልታወቀ ዕቃ ወደ ኮምፒውተራችን እንዳይገባ ስለሚያደርጉት ጥንቃቄም አመሰግናለሁ፤ በእርግጥም ያ ኮምፒውተር ከዚህ በላይ ሊታመም እንደማይችል የሚያውቅ የለም። ባለሙያዎንም ያመስግኑልኝ፤ አጥፍቶ ማብራት ለሌላው ነገር ሁሉ እንደሚሠራ አልጠራጠርም።

የምጠይቀው አዲስ ኮምፒውተር አይደለም፣ አዲስ ሲስተም አይደለም፣ የደመወዝ ነገርም አላነሣሁም። ለክብሪት ቀፎ ያህል ዕቃ አንድ ፊርማ ነው። ይህን ደብዳቤ በእህቴ ቤት፣ በሁለቱም ግማሾች፣ ሁለቱንም እጆቼን ዘርግቼ እየጻፍኩ እንደሆነ ይወቁልኝ። እንደሚያዩት አናባቢ አልጎደለውም።

ጊዜዎን በመሻማቴ፣ በአዳራሹ ሳቅ ሰላምዎን በማወኬ፣ በተለይም «ኡኡ» በማለቴ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከፍ ያለው አክብሮቴ ከሦስት ፎቅ በታች ሆኖም እንዲደርስዎ በመመኘት፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ በቀኝ እጇ ግማሽ፣ በልቧ ሙሉ የሆነች፣
የሦስተኛው መስኮት ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለጋዜጣው የአንባብያን ገጽ
ለቀኝ አውራ ጣቴ፣ ቢሰማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዝውውሩ ደብዳቤ ደርሶኛል ብዬ በሲስተሙ ውስጥ፣ በራሴ ኪቦርድ፣ በቀጥታ ለእርስዎ መልስ እንድሰጥ በታዘዝኩት መሠረት ዛሬ ጠዋት መልሻለሁ። በቀኙ ግማሽ ብቻ አንድም ፊደል ሳይጎድለው የሚወጣ መልስ መፈለግ አስቸግሮኝ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ተገኝቷል። «ልብ ይስጥህ» ይላል። በአንቱታ ልጽፍልዎ አጥብቄ ፈልጌ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ «ዎ»ን የምታወጣው አናባቢ ያለችው እርስዎ ባልፈቀዱልኝ ግማሽ ላይ ነው።