ከእናት ጉያ የወጣው ብልቃጥ

በሥራ ቦታ «ሲስተር»፣ በቤት «እታለም» እየተባሉ የኖሩት እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በሰፈሩ ትምህርት ቤት እስከ መጨረሻው ክፍል በጥሩ ውጤት ተማሩ። አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ግን ኮሌጅ የመግባት ሐሳባቸውን ትተው ከእናታቸው ጋር ዩኒፎርም እየሰፉ ታናሽ ወንድማቸውን ማሳደግ ያዙ። ደከማቸው። «ደክሞኛል» ሲሉም «በዚህ ዕድሜሽ ምኑ ነው የሚያደክምሽ?» ይባሉ ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው ድባቴ ጸናባቸውና ሐኪም አሚትሪፕቲሊን የተባለውን ክኒን አዘዘላቸው። በዚያው ዓመት አንድ ቀን፣ ከታዘዘላቸው እጅግ አብልጠው ዋጡ። ይህን ዓረፍተ ነገር የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ደጋግሞ ጽፎ ደጋግሞ ሰርዞታል። ሆኖም እሳቸው በመጨረሻው ሰሞን «ታሪኬ ሲነበብ ይቺን እንዳትዘሏት» ብለው አደራ ስላሉ እነሆ ሳይሰረዝ ቀርቷል።

ሆስፒታል ሲደርሱ አፋቸው ደርቆ፣ ልባቸው እየጋለበ፣ ግን ሰው ያነጋግሩ ነበር። እናታቸው የልጃቸው ስም እንዳይጠፋ ብለው «የተበላሸ ምግብ በልታ ነው» አሉ። ባዶውን ብልቃጥ ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠውታል። ሐኪሙም አምኖ ለሆድ ያክማቸው ጀመር። ያ ክኒን ሲበዛ ግን የሚይዘው ልብን ነው፤ ምቱን ያዛባል፣ የደም ግፊትን ይጥላል። እህታችን የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ ራሳቸውን ሳቱ። የልብ ምት በሚመዘግበው ማሽን ወረቀት ላይ ቀጭን መሆን የሚገባው ሞገድ ሰፍቶ ያየው ሐኪም ወደ እናትየው ዞሮ «እማማ፣ ይሄ የምግብ አይደለም። ምንድን ነው የዋጠችው?» አላቸው። እናት እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰደዱ። የዚያን ክኒን ጉዳት የሚያክመው መድኃኒት ወዲያው በደም ሥር ተሰጠ፤ አንዴ ቀጥ ብሎ የነበረው ልባቸውም ደረታቸው በሰው እጅ እየተጫነ ተመለሰ።

ካገገሙ በኋላ ነርስነት ተምረው በዚያው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተቀጠሩ። የሆስፒታሉን ማሽኖች የሚጠግኑትን ባለሙያ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው «እኔን ያገባችኝ ማሽኑ ቶሎ እንዲሠራላት ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ክኒን የዋጠ ሰው ሲመጣ ሲስተር «ደህና ነኝ» ማለቱን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር። ከልብ ማሽኑ ጋር አገናኝተው በርጩማቸውን ስበው ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ይተክላሉ። ቤተሰቡን ደግሞ ጠጋ ብለው «ማንም አይቆጣችሁም፤ ጉያችሁ ያለውን አውጡልኝ» ይሉታል። አንዳንዱ ያወጣል፣ አንዳንዱ ይሰድባቸዋል። ያልዳኑም ነበሩ። በሽተኛ ያልዳነ ዕለት ሲስተር ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ረጅም ሰዓት ይቀመጡ ነበር። ድባቴውም አልፎ አልፎ ይመለስባቸው ነበር፤ ያኔ ሳይደብቁ ይናገራሉ፣ ይታከማሉም።

በጉበት ካንሰር ሲታመሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጧት በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና ዛሬ ፊት ለፊት የተቀመጡትን አረጋዊት እናታቸውን ትተዋል።

እናታቸው እስከዚህ ሳምንት ድረስ ለጠየቃቸው ሁሉ «ምግብ ነበር» ሲሉ ኖረዋል። ስለዚህ ታናሽ ወንድም ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት አነበበላቸው፤ እምቢ ካሉ ሊሰርዘው። እሳቸው ቀሚሳቸውን ደረታቸው ላይ ጨብጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም «ይነበብ። እሷ ሥራዋን ጨርሳ ሄደች፤ እኔ ብቻ ይዤው ደከመኝ» አሉ።

ፈጣሪ ደክመው ለኖሩት እህታችን ነፍስ ዕረፍቱን፣ ለእናታቸውም ብርታቱን ይስጥልን።