ኦቦ መርዳሳ ለእንግዶቹ የተናገሩት

አዳማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1920 ዓ.ም.
ሙቀቱ አይጣል። ጠዋት ሹሙ ደጅ የሁለት ሰዎችን የፍየል ጠብ አስተረጎምኩ። ሁለቱም ዋሹ። ከሰዓት ተኛሁ።

ጥቅምት 15
ሹሙ ቀኛዝማች አብተው አስጠሩኝ። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ መኮንን እንግዶች አስከትለው በባቡር ይመጣሉ። አገሩን ማሳየት አለብን... የአዋሽን ዳር፣ ፍል ውሃውን፣ ወደ ዝዋይ የሚወስደውን መንገድ።
"ወዬሳ፣ ታሪኩን የሚያወራ ሽማግሌም ፈልግ።"
ከኦቦ መርዳሳ ሌላ ማን አለ? ግን ልጃቸው ገርባ እኮ እዚሁ ታስሯል፤ የአባቴን የግጦሽ መሬት ለቀኛዝማች አልለቅም ብሎ። ነገርኳቸው።
"ይሻላል። ምላሱን ይጠብቃል።"

ጥቅምት 16
ኦቦ መርዳሳ እሺ አሉ።
"ትልቁ መኮንን ባሉበት? ያልኩትን ሁሉ ትነግርልኛለህ?"
እነግራለሁ አልኩ።

ጥቅምት 20
እንግዶቹ መጡ። ፍል ውሃው ዳር እንደ ልጅ ተንጫጩ። አንዲት ፈረንጅ ጉማሬ አይታ ጮኸች። ምሳ ከተበላ በኋላ ኦቦ መርዳሳ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሙ። ከአያቶቻቸው ከብት ጀመሩ፤ ወንዙ የማን የማንን ከብት ያጠጣ እንደነበር... ከዚያ በዚያው ኦሮምኛቸው፦ "መሬቴን ወሰዱት። ልጄ በሰንሰለት ነው። ንዳድ ይዞታል። ያስፈቱልኝ።"
ቀኛዝማች አንድ ቃል አልገባቸውም። ግን እኔን ነበር የሚያዩት።
ተረጎምኩ፦ "አገሩ ድሮም የወተት አገር ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ባቡር ገባለት፤ ተመስገን ይላሉ።"
አጨበጨቡ። መኮንኑ ተነስተው አቀፏቸው። ሽማግሌው አለቀሱ።
"ፈቀዱልኝ?"
"...ይታሰብበታል አሉ።"
ምን ልበል?
እራት ላይ ቀኛዝማች በእጃቸው አጎረሱኝ። ዋጥኩ።

ጥቅምት 24
ኦቦ መርዳሳ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠዋል። "የመኮንኑ መልእክተኛ አልመጣም?"
ነገ ይሆናል አልኩ።

ኅዳር 2
ገርባ እዚያው እስር ቤት ሞተ። ንዳዱ።

ኅዳር 3
ቀብር ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? እህቱ ደራርቱ አማርኛ ታውቃለች። ያን ቀን ለእንግዶቹ ወተት ስትቀዳ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ወንድሟ በቀኛዝማች እጅ እያለ ምን ትበል?
"ዛሬ ለአባቴ ነገርኩት" አለችኝ። "እኔ ቃል አልቀንስም።"
ኦቦ መርዳሳ ቀና ብለው አዩኝ።

ኅዳር 19
ገበያ መሃል በኦሮምኛችን "አካም ጅርታ?" ስል "ደህና" ይሉኛል። ሁሉም። በአማርኛ። ቅቤ ሻጯም፣ አብሮ አደጌም...
እናቴ ጋ ሄድኩ። አማርኛ አታውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ አውርታው አታውቅም። በሩን በክንዷ ዘግታ ቆመች። ከማን እንደተማረችው እንጃ፣ ቃሉ አፏ ላይ እየተሰበረ፦
"ይሂዱ... ጌታዬ" አለችኝ።