የማናለብሽ ክኒንና የአባባ ጾም

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሰርካለም ገብረ አማኑኤል፣
ካሉበት ቦንጋ።

ከሁሉ አስቀድሞ የመድኃኔ ዓለም ቸርነት ካሉበት ይድረስዎ እያልሁ እኔ ወንድምዎ ዳኜ ከእግርዎ በታች ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎስ እንዴት ነው? ባለቤትዎ ጋሽ ምንዳዬ፣ ልጆቹ፣ ቡናው፣ ከብቱ ሁሉ እንዴት ነው? የቆላው ወባስ አልነካችሁም? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። «ደህና ነን» ብዬ ስጽፍ ግን ዘንድሮ እጄን ያዝ አድርጎኛል፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል። እርስዎም ለፋሲካ በላኩልን ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ» ብለዋል። እውነቱን ልንገርዎት፣ አላመንሁዎትም።

በስልክ ለምን አልነገርኸኝም እንዳይሉኝ። እኛ ዘንድ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ አንዱ ሲያወራ ሌላው ተራ እየጠበቀ ያዳምጣል። የቤት ገመና ጉብታ ላይ ወጥተው አይጮኹበትም።

ነገሩ ስለ ታናሻችን ስለ ማናለብሽ ነው። እንደሚያውቁት ነርስ ሆና መርሐቤቴ ወርዳ ዓለም ከተማ ላይ ብዙ ዓመት ሠራች። ከዚያ ዲግሪ፣ ከዲግሪውም ማስተርስ አለችና አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ነርሶችን የምታስተምር መምህርት ሆናለች። አባባ «የነርሶች የኔታ» ይሏታል። ደስ አላለኝም አልልም። ነገር ግን ሰው ወንበር ካገኘ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ በየወሩ ተማሪ አስከትሎ ወደዚህ ውርጭ ምን ያመጣዋል? ራቤል ድረስ ሳይቀር እየሄደች ስለ ጤና ታስተምራለች አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና እኔም መጠርጠር ጀመርሁ። መጀመሪያ ሹመት ፈልጋ ነው አልሁ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ የውጭ ድርጅት ባስተማረችው ሰው ቁጥር የሚከፍላት መሰለኝ። ባለቤቴ ደብሪቱ «እህትህ እኮ ናት» ስትለኝ፣ «እህቴ ስለሆነች ነው የምጠረጥራት፤ የባዕድማ ምን አገባኝ» አልኋት።

በመጣች ቁጥር እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ትገባለች። ሕዝቡ ዳቦና ጠላውን ይዞ እንደተቀመጠ፣ የደም ግፊት ማለት እንዲህ ነው፣ ጨው ቀንሱ፣ ባያማችሁም ተለኩ እያለች ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ነጭ ጋዋን ለብሰው ያንን የሚነፋ ጨርቅ በየሰዉ ክንድ ላይ ይጠመጥማሉ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ አያለሁ። «ዳኜ፣ አንተም ና እንጂ» ስትለኝ፣ በበጎቼ አሳብቤ እወጣለሁ።

በጥር ወር አባባን ለካቻቸውና ፊቷ ተለዋወጠ። ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሏል አለች። ጤና ጣቢያ ወስዳ አስመረመረቻቸው፤ ክኒንም ታዘዘላቸው። «አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ፣ ከምግብ በኋላ፤ አንድም ቀን እንዳያጓድሉ» ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ሰንበቴ ቤትም ግፊት ለተገኘበት ሁሉ ያንኑ ነበር የምታስተምረው። አባባን ደግሞ ያውቋቸዋል፤ የታዘዙትን የሚያጓድሉ ሰው አይደሉም።

ሁዳዴ ገባ። ከጾሙ እኩሌታ በኋላ አባባ «አዞረኝ» ማለት አበዙ። አንድ ሐሙስ ከቅዳሴ ተመልሰው እህል ከቀመሱ በኋላ፣ በጎቹን ላስገባ ብለው ብድግ ሲሉ የግቢው በር ላይ ተዘረሩ። ግንባራቸውን ድንጋይ መታቸው። ተሸክሜ የሱፍ ባናቸው ላይ ሳስተኛቸው ቀዝቃዛ ላብ አጥምቋቸው ነበር። አባቴ የሞቱ መሰለኝ፤ ይህን ለደብሪቱም አልነገርኋት።

ሲነቁ ክኒኑን ጠረጠርሁ። ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ያለዚያም አዲስ መድኃኒት በገበሬ ላይ እየሞከሩ ነው ብዬ አንስቼ ከገብሱ ጎተራ ሥር ሸሸግሁት። አባባ ሲፈልጉት፣ አይጥ ወስዶት ይሆናል አልኋቸው። ከዚያ ጉብታው ላይ ወጣሁና ለማናለብሽ ደወልሁላት፤ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ «መርዝሽን አንስቼዋለሁ» አልኋት። ገመና ጉብታ ላይ አይወራም ያልሁት ሰውዬ እኔው ነኝ እንግዲህ።

ቅዳሜ መጣች። እሳት ጎርሳ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ አባባ አጠገብ ተቀመጠች፤ ግንባራቸውን አየች፤ ለካቻቸው። ክኒኑን እንዴት እንደሚውጡ ጠየቀቻቸው። «እንዳዘዝሽኝ ነዋ፣ ከምግብ በኋላ» አሏት። የጠዋቱንስ ብትላቸው፣ «እሱንም ከምግብ በኋላ» አሉ። ለካስ አባባ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ይውሉና፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ሲያልቅ እህል ቀምሰው የጠዋቱንም የማታውንም ባንድ ጉንጭ ውሃ ይውጡታል። «ጾሜን አልሻርሁ፣ ያንቺንም ትእዛዝ አላጓደልሁ» አሏት፤ ምስጋና የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ማናለብሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ሁለቱን ባንዴ መዋጥ እንደጣላቸው፣ ጨርሶ መተው ግን ከዚያ የከፋ እንደሆነ ነገረችኝና ክኒኑን ከጎተራው ሥር አስወጣችኝ።

እኔ ግን ገና አልረካሁም። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ብቻዋን ወደ ቄስ ወልደ አማኑኤል ስትሄድ አየኋት። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ የአባባ ኑዛዜ ሲጻፍም ምስክር የነበሩት እሳቸው ናቸው። አሃ፣ ነገሩስ ለካ መሬቱ ነው፣ ያ የታችኛው የገብስ ማሳ ነው አልሁ። ተከትያት ሄጄ ከቄሱ ቅጥር ጀርባ ቆምሁ። ማፈሬን አይጠይቁኝ። የሰማሁት ስለ መሬት አልነበረም። ቄሱ «ለታመመ ሰው ጾሙ ይቀልለታል፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጥ፤ ለዚህ እኔ አለሁ» አሏትና፣ ለጥቀው «ግን ልጄ፣ ይህን ስታስተምሪ እኛ መቼ እንደምንበላ ጠይቀሽን ነበር?» አሏት። «አልጠየቅሁም፣ አባቴ» አለች። ድምፅዋ ያኔ በልጅነቷ የኔታ ሲገሥጿት እንደነበረው ሆነ።

በማግስቱ ሰንበቴ ቤት ከቄሱ ጎን ቆመች፤ ተማሪዎቿ ከኋላዋ ናቸው። «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች። «ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ ብዬ አስተማርኋችሁ። የዚህ አገር ልጅ ሆኜ ሳለሁ በሁዳዴ ጠዋት ምግብ እንደማይቀመስ አላሰብሁም። እንደ አባቴ ሁለቱን ባንዴ የምትውጡ አላችሁ?» አለች። አንዲት ባልቴት እጃቸውን አወጡ፤ ተከትሎ ከየጥጉ እጅ ወጣ። እስከ ፋሲካ ብለው ጨርሰው የተዉትም ነበሩ። በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ለሚስማማው ሰው የጤና ጣቢያው ሐኪም እንዲለውጥለት ተነጋገሩ፤ ቄሱም የቀሩት በጾምም ቢሆን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እንዲውጡ ነገሯቸው። እትዬ፣ እኔ በዕድሜዬ አስተማሪ በተማሪው ፊት ተሳሳትሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቿ ሰው ክንድ ላይ ጨርቅ ከመጠምጠማቸው በፊት መቼ እንደሚበላ ይጠይቃሉ። የምታስተምርበት ኮሌጅም ይህንኑ ከትምህርቱ ጨምሮታል ትላለች፤ ይህን ግን ገና አላጣራሁም።

ወደ ቤት ስንመለስ አላስቻለኝም። በየወሩ ምን ፈልገሽ ነው የምትመጪው፣ መሬቱን ከሆነ ፊት ለፊት ንገሪኝ አልኋት። እሷ ግን ስለ እማዬ አነሣች።

እትዬ፣ እማዬ ያረፈች ጊዜ እርስዎ ሩቅ ነበሩ፤ ለቀብሯም አልደረሱም። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወደቀች፣ ምች መታት ተባለ፣ ቀበርናት። ማናለብሽ ያኔ ተማሪ ሆና ለእረፍት መጥታ ነበር። የግፊት መለኪያውን ለልምምድ ይዛ መጥታ የጎረቤቱን ኮረዳና ጎረምሳ ሁሉ ስትለካ ከረመች። እማዬን ልለካሽ ስትላት «እኔ ደህና ነኝ፤ ለታመመ ሰው አድርጊው» አለቻት። «አመንኋት፣ ዳኜ» አለችኝ። «ነርስ ልሆን እየተማርሁ፣ መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ እያለ፣ ደህና ነኝ ስላለችኝ አመንኋት። በየወሩ የምመጣው ለዚህ ነው።»

እኔ ወንድምዎ ሁሉን የምጠረጥር ሰው ነኝ። ነጋዴውን እጠረጥራለሁ፣ ቀበሌውን እጠረጥራለሁ፣ የገዛ እህቴን በቅጥር ጀርባ ተደብቄ ሰልያለሁ። ያቺን የእማዬን «ደህና ነኝ» ግን አንድም ቀን አልጠረጠርኋትም። እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ክንዴን ሰጠኋት። የእኔ ግፊት ከአባባም በልጦ ተገኘ። ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም። መለኪያው ተበላሽቷል አልኋት፤ ከቦርሳዋ ሌላ አውጥታ ለካችኝ፤ ያው ሆነ። አሁን ጤና ጣቢያ ሄጄ ክኒን ጀምሬያለሁ። አባባም ከዚያ ወዲህ አልወደቁም፤ በጎቹን ራሳቸው ያስገባሉ። ማናለብሽ እንደምትለው ይህ ነገር በዘር ይወርዳል፤ ከአባትም ከእናትም ይዘነዋል ማለት ነው።

አባባ «ልጄን ማርያም ትጠብቅልኝ» ብለው መርቀውዎታል። ደብሪቱን በጣም ናፍቀዋታል፤ ማናለብሽም ጉልበትዎን ትስማለች። ለጋሽ ምንዳዬ ዳኜ እጅ ነስቷል ይበሉልኝ። ከልጆቹም ሐሴትን በትምህርትሽ በርቺ፣ ማሙሽን ደግሞ አጎትህ በግ አስሮ ይጠብቅሃል ይበሉልኝ።

መልስ ሲጽፉልኝ ግን «እኔ ደህና ነኝ» ብለው አይጀምሩ። ክንድዎን አስለክተው ቁጥሩን ይጻፉልኝ። እማዬም ደህና ነኝ ብላን ነበር።

ወንድምዎ
ዳኜ ገብረ አማኑኤል
ቀየት፣ መንዝ
ግንቦት 4 ቀን 2011 ዓ.ም.