ሳይነግሩኝ የላኩት ቢላዋ

ቆቦ ላሉት ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አባየ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎስ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብዎ ሳል እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እጅዎስ? እጅዎ ደህና ነው? ስለ እጅዎ ሁለቴ በመጠየቄ አይቆጡኝ፤ ምክንያቴን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ። እማየስ እንዴት ናት? ማሽላው ተዘራ? ዝናቡ ጣለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ባለቤቴ አሪፋም ልጆቹም ደህና ናቸው። ደህና ያልሆነው የኔ ልብ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ሁለት መስመር እጽፍና ተነስቼ የሱቁ በር ላይ እቆማለሁ፤ ታክሲዎቹ ወደ ጳውሎስ ሲያልፉ አይና ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ሳቢት፣ ያ እህል ነጋዴው፣ ከአረፋ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ከእናንተ ዘንድ ሲመለስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ስፈታው የእርስዎ ቢላዋ ነው። እጀታውን በሽቦ ያሰሩት፣ ሌላ ሰው እንዲነካው የማይፈቅዱት ያ ቢላዋ። ምን ብለው ላኩት ብዬ ብጠይቀው፣ ለሙንዲር ስጠው ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩም አለኝ። ለእህቴ ለጀዊሪያ ደወልኩ። አባየ ደህና ናቸው አለችኝ፤ ግን ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው የመለሰችልኝ። እርስዎ ደግሞ ስልክ ላይ አይሰማዎትም፤ ስንጯጯህ ቆይተን ሳንነጋገር ነው የምንዘጋው። ስለዚህ በወረቀት ልጠይቅዎ ብዬ ነው።

ቢላዋው እንኳ በሰዓቱ ነበር የደረሰው። ዘንድሮ በግቢያችን ሰባት አባወራ ሆነን ለአረፋው የኡድሂያ እርድ አንድ በሬ ገዝተን ነበር። እስካሁን የታረደ ነገር የምንሰቅለው በሩ አጠገብ ከነበረው ትልቅ ጥድ ላይ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ጥዱ ተቆረጠ። ቀጨኔ ደግሞ መጥተው እንዳዩት ሁሉ ነገሩ አቀበት ነው፤ በግቢው ሌላ ዛፍ ቀርቶ የበሬ ክብደት የሚችል ምሰሶም የለም። ሰዎቹ ምን ላይ ሰቅለን እንገፍፈዋለን ብለው ሲጨነቁ እኔ ደረቴን ነፋሁ። እኔ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ያደግሁ ነኝ፣ አባቴ መሬት ላይ ገፍፈው አንዲት ቁራጭ ሥጋ አፈር አያስነኩም አልኳቸው።

በሬው ቢስሚላህ ተብሎ፣ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ዞሮ ታረደ። ነፍሱ እስክትወጣ ጠብቀን በጀርባው አስተኛነው፤ ከትከሻውና ከዳሌው ግራና ቀኝ ድንጋይ አስደገፍኩ። ከደረቱ ጀምሬ አንዱን ጎን ገፈፍኩና ቆዳውን እንደ ምንጣፍ ዘረጋሁት፤ ልክ እንደ እርስዎ። አንድ ነገር ግን ረሳሁ። የእርስዎ ሜዳ ሜዳ ነው።

እዚህ ቂብላ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሽቅቡ ነው። በሬው ቁልቁለቱን አቋርጦ ነው የተጋደመው። ሳቢት፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ እናዙረው፣ እንዲህ ከሆነ ይንከባለላል አለኝ። እምቢ አልኩ። አባቴ ቆዳው ወልቆ እስኪያልቅ ከታረደበት አቅጣጫ ፈቀቅ አያደርጉትም፣ የሃይማኖት ነገር ነው ብዬ ሁሉንም ዝም አሰኘሁ። ሆዱን ልከፍት ቢላዋውን እንዳስገባሁ የታችኛው ድንጋይ አመለጠ። በሬው ሲንከባለል ቢላዋው ጨጓራውን ዘነጠለው፤ ፈርሱ በጎድኑና በወርቹ ላይ ፈሰሰ፤ ሥጋው ከቆዳው ላይ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ገባ። ሰባት ቤት የሚጠብቀው ሥጋ።

ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የቆሸሸውን ጎድንና ወርች የኔ ድርሻ ይሁን ብዬ ወሰድኩ፤ አሪፋ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ስታጥበው ዋለች። ከዚያ ጋሽ ኑሕ፣ በጎልማሳነታቸው ከእርስዎ ጋር ያርዱ የነበሩት፣ እጃቸውን እየታጠቡ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ልጄ፣ አንዴ ከታረደ በኋላ ቂብላ ግዴታ አይደለም፤ አባትህ የማያዞሩት ለነፋሱ ብለው ነው፣ በዚያ አቀማመጥ የሜዳው አቧራ ሥጋው ላይ አይነፍስም አሉኝ።

አባየ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የበሬ እግር ይዤልዎ ቆሜያለሁ። አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁዎትም። እርስዎም ሥራ ላይ ወሬ አይወዱም። እጅዎን አይቼ የቀረውን ከራሴ ሞላሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጫ አጣሁ፤ ደንበኛ ሳሙና ሲጠይቀኝ ክብሪት እሰጣለሁ። ሥጋው እንኳ ታጥቦ ተበልቷል። የማይለቀኝ ሌላ ነው። ከአረፋ በፊት ቢላዋውን አሳልፎ የሰጠ ሰው በአረፋ አላረደም። ታዲያ ማን አረደላችሁ? እጅዎ ምን ሆነ? ፈርቻለሁ አባየ። ጀዊሪያ፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና ይህችን መስመር እንዳታልፊያት።

ደብዳቤውን ሳቢት ሐሙስ ያደርሰዋል። ቢላዋውን ግን አልሰጠሁትም። ሱቁን ለአሪፋ ትቼ ቅዳሜ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ሜዳው ላይ ወንበር አወጣልዎታለሁ፤ አንድ ሙክት እናርዳለን። እጅዎ እምቢ ካለዎት ግድ የለም፣ እኔ እገፍፋለሁ። በየመገጣጠሚያው ቆም እያልኩ ለምን እልዎታለሁ፤ እየተቆጡም ቢሆን ይነግሩኛል።

የእማየን ጉልበት ስሜያለሁ፤ ስለ እኔ አታስብ በሉልኝ። ለጀዊሪያ፣ ለባለቤቷና ለልጆቿ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ጋሽ ኑሕም ሰላም ብለውዎታል። አሪፋ ከዚያ ሥጋ ለእናንተ ቋንጣ ዘልዝላለች፤ ሦስቴ አጥባዋለችና አትጠየፉት። አባየ፣ ዱዓዎ አይለየኝ። እስከ ቅዳሜ ደግሞ ማንንም እንዲያርድላችሁ አይጥሩ፤ ቢላዋው እኔ ጋ ነው።

ልጅዎ ሙንዲር
ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.