ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ያለው ድጎማ

ሚያዝያ 4

ዛሬም ሱቅ ከፈትኩ። ጠረግኩ። መስኮቴ ላይ የቆመችው አሻንጉሊት የለበሰችውን ቬሎ አቧራውን አራገፍኩላት። በወረርሽኙ ሠርግ ከተከለከለ ወዲህ ሙሽራ የሚባል ፍጥረት በበሬ አላለፈም። እሷ ብቻ ለብሳ ትጠብቃለች። ሙሽራው የት እንደቀረ እንጃ... ጭንብልም ሰፍቼ ነበር፣ ከተረፈ ዳንቴል። የለበሰው ባሌ ብቻ ነው፤ እሱም ተገዶ።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩም ከፍቶ ተቀምጧል። ለራሴ "ሽቶ" ነው የምለው፤ እሱ ሳይደርስ ሽታው ይደርሳል። ሱቆቻችን ድሮ አንድ ክፍል ነበሩ። አከራያችን እማማ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍለው ሁለት ኪራይ ይቀበላሉ። እንጨቱ ቀጭን ነው። ሽቶ ሲያስነጥሰው እዚህ ሆኜ "ይማርህ" ማለት እችላለሁ።

አላልኩም።

ሚያዝያ 9

ሽቶ ድጎማ አገኘ!

በወረርሽኙ ሥራ ለቆመባቸው ነጋዴዎች መንግሥት ኪራይ ይከፍላል ሲባል ወሬ መስሎኝ ነበር። መዝጋቢዋ ልጅ በየሱቁ ስትዞርም፣ "ምን ቸግሮኝ!" ብዬ አፍንጫዬን ነፋሁባት። ሽቶ እየሰማ ነበራ። እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ችግሩን ዘረገፈላት። ወንድ ልጅ አያፍርም?

ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ ለሚስቱ ይደውላል። ለሚስቱ ይሁን ለመንደሩ... "ገባልን! እሰይ፣ ገባልን!"

እኔም እንደ ጨዋ ሰው ወጥቼ፣ "እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ" አልኩት። አፌ ውስጥ ሬት እንደያዝኩ አላወቀም።

ሚያዝያ 11

በሩን ሰማያዊ ቀለም አስቀባ። መንግሥተ ሰማያት የገባ መስሎታል።

ሚያዝያ 13

ከእንጨቱ ወዲያ ተጣራ። "ጎረቤት! ምነው ዝም አልሽ ዛሬ? ሥራ የለም እንዴ?"

ዝም አልሽ! ድጎማ የበላ ሰው ድምፁ እንዴት ይከፈታል! "ሥራ? ኧረ መተንፈሻ አጣሁ!" አልኩት። ከአፌ ወጣ፤ ምን ይደረግ። ከዚያ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና መርገጫውን ረገጥኩ። ክር የለ። ጨርቅ የለ። መኪናዋ ምን ታውቃለች፣ ጮኸች።

ወዲያ ማዶ ጸጥ አለ። ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል!

ሚያዝያ 16

በጓሮ በኩል ሄጄ ለድጎማው ተመዘገብኩ። ሽቶ እንዳያየኝ ዣንጥላ ይዤ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሰው ሁሉ አየኝ።

"ሥራዎ መቆሙን መጥተን እናጣራለን" አሉኝ። ይጣራ! ከኔ ሥራ በላይ የቆመ ነገር ካለ ያሳዩኝ።

ሚያዝያ 21

አሁንም በየቀኑ ባዶ መኪና እነዳለሁ። እንደ ደህና ሠራተኛ በሰዓቴ እገባለሁ፣ ምሳ እወጣለሁ፣ ተመልሼ እረግጣለሁ። እግሬ ዛለ። ለምን አልተውም? ልተው ስል ያ ሰማያዊ በር ይታየኛል... እግሬ በራሱ ይረግጣል።

ባሌ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አውቶቡሱ ከቆመ ቆይቷል። ምሳ ሊያደርስልኝ መጥቶ አየኝ። "ምን እየሰፋሽ ነው የኔ እመቤት?"

"ዝም በል፣ ይሰማል።"

"ማን?"

በአገጬ ወደ እንጨቱ አሳየሁት። ጭንቅላቱን ያዘ። "እንዲህ ከሆነማ እኔም የቆመው አውቶቡስ ላይ ወጥቼ መሪ ላዙርበት!"

ጭንቅላቱን ሲይዝ ፀጉሩ መርዘሙን አየሁ። ሽቶ ጋ እንዳይሄድ ከልክዬዋለሁ። ድጎማ ላይ ደግሞ የባሌን ፀጉር ልጨምርለት? በጨርቅ መቀሴ ራሴ ቆረጥኩት። በግራ በኩል ተሳክቷል። በቀኝ በኩል... ኮፍያ ገዛ።

ሚያዝያ 27

ጉድ ሆንኩ።

እማማ ቤታቸው ጠርተውኝ ነበር። "ልጄ፣ እኔም የምኖረው በኪራይ ነው። እስከ ሰኔ ካልከፈልሽ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ።" አንገቴን ደፍቼ ስመለስ ሽቶ በሩ ላይ ፈክቶ ጠበቀኝ።

"የድጎማዋ ልጅ መጥታ አጣችሽ። ስላንቺ እኔን ጠየቀችኝ። አኮራሁሽ!"

"ምን... ምን አልካት?"

"ኧረ ተያት አልኳት፤ ቀን ሙሉ መኪናዋ አያርፍም። ከዚህ መንገድ ሰው ሁሉ የሷ ሥራ ይሻላል። ሙች እውነቴን ነው፣ እንዲህ ነው ያልኳት!"

"አመሰግናለሁ" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ባሌ ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ኪራዩ ትዝ ሲለው ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

ግንቦት 2

ቢሮ ሄድኩ። መዝጋቢዋ አስተናገደችኝ፤ ደግ ልጅ ናት፤ አፍንጫዬን የነፋሁባት እንኳ አልቆጠረችብኝም።

"እትዬ፣ ሥራዎ አልቆመም ነው የተባለው።"

"ቆሟል።"

"ጎረቤትዎ መኪናው ሲጮህ እሰማለሁ ብለዋል።"

"ቢጮህም... ቆሟል።"

አየችኝ። እኔም ጣሪያውን አየሁ። "ጎረቤትዎ መጥተው ቃላቸውን ካስተካከሉ እናየዋለን" አለችኝ።

"ሌላ ሰው አይሆንም? ማንም ይሁን። ሌባም ቢሆን አመጣለሁ።"

"ከግድግዳው ወዲያ ያሉት እሳቸው ናቸው።"

ለሽቶ ሄጄ "ያ ሁሉ ጩኸት ባዶ ነበር" ልበለው? እኔ?

ግንቦት 3

አልነግረውም።

ግንቦት 4

ሱቁ ይሂድ። አልነግረውም።

ግንቦት 6

እማማ ሰው ይዘው መጡ። የስልክ ነጋዴ ነው። ግድግዳዬን በስንዝር ለካ። እዚህ መስታወት፣ እዚያ መደርደሪያ ይላል፤ እኔ መሀል ቆሜ የለሁም። አሻንጉሊቷን በጣቱ ነካ አደረገና፣ "ይቺ አብራ ናት?" አለ።

ከዚህ ሱቅ ለብሰው የወጡ ሙሽሮች ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገብተዋል። አንዷም ቬሎዋ ተተርትሮባት አልተመለሰችም።

አብራ ናት?!

ግንቦት 7

ነገርኩት።

ገብቼ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት መስታወት፤ ራሴን እያየሁ መናገር አልቻልኩም። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። "መኪናዋ... ክር አልነበራትም" አልኩ።

"መቼ?"

"ሁልጊዜ።"

"ጨርቁስ?"

"እሱም።"

"ቀን ሙሉ?"

"ምሳ ላይ አርፍ ነበር።"

ሳቁን ጠበቅኩ። አልሳቀም። ማበጠሪያ አነሣ፣ አስቀመጠ። "እኔ እኮ ሚስቴን ቁም ስቅሏን ነው ያሳየኋት። የሷ መኪና ሲንጫጫ ይውላል፣ እኔ እዚህ ዝንብ አባርራለሁ እያልኩ..."

"አንተ? ድጎማ እያለህ?"

"ድጎማ ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ጎረቤት። ወሬ አያወራ፣ እዚህ ጋ አሳጥርልኝ አይል።"

ቀንቶብኝ ነበር! በኔ! ከዚያ ሁሉ ውርደት መሀል ትንሽ፣ በጣም ትንሽ... ሞቀኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ግንቦት 9

አብሮኝ ቢሮ ሄደ፤ ባሌም ተከተለን። ሽቶ ምስክር ነው ብዬ ወስጄው አልቃሽ ሆኖ አረፈው። "እህቴ፣ የኔ ችግር ከነሱ ችግር ጋር ሲተያይ ድሎት ነው! ሚስት ሥራ የላት፣ ባል ሥራ የለው! ፀጉሩን እንኳ የሚቆረጥበት አጥቶ... አውልቅ ኮፍያህን!"

ባሌ አወለቀ።

መዝጋቢዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ግንቦት 24

ገባልን!

ኪራዩ ብቻ አይደለም። ባሌም ሥራ ስለቆመበት የቤት አስቤዛም ተጨመረልን። እማማ ስልክ ነጋዴውን አሰናበቱት። በሬ ላይ ቆሜ ለእህቴ ደወልኩ። ለእህቴ ይሁን ለመንደሩ...

ሽቶ ወጣ። "እንኳን ደስ ያለሽ።"

"አሜን፣ ባንተ ነው።"

"አስቤዛም ጨመሩልሽ?"

"ጨመሩ።"

"የኔ ኪራይ ብቻ ነው።" ፈገግ አለ። አፉ ውስጥ የያዘውን ግን አውቀዋለሁ። በሩን ዘጋ፤ ሰማያዊውን።

ሰኔ 2

ከጠዋት ጀምሮ ከወዲያ በኩል ቶንዶሱ ይጮሃል። ዝዝዝዝ... የፀጉር ማሽን ቀን ሙሉ? ሰው ጀመረው እንዴ? በሬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። የገባ የለም። የወጣ የለም።

ድምፁን አዳመጥኩ። ከፍ አይል፣ ዝቅ አይል። አንድ ወጥ።

ኧረ ባክህ፣ ሽቶ!

ደስታዬን አልደብቅም፤ ከራሴ ማስታወሻ ምን እደብቃለሁ? ለብቻዬ ሳቅኩ፣ ለአሻንጉሊቷም ነገርኳት። ከምሳ በኋላም ይጮሃል። ዝዝዝዝ... ሳቁ የት እንደሄደ እንጃ። እጁ ዝሎ ይሆን? የኔ እግር ዝሎ ነበር።

"ምነው ዛሬ ሥራ በዛ?" ብዬ ልጣራ አፌን ከፈትኩ።

መልሼ ዘጋሁት።

ሰኔ 3

"ተነሥ፣ ፀጉርህን ተቆረጥ" አልኩት ባሌን።

"ማን ጋ?"

"እዚያው ነዋ። ሽቶ ጋ።"

ግንባሬን በመዳፉ ነካ። ትኩሳት እንዳለኝ ሊያይ።

ላክሁት። ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጠፍኩ።

"ኧረ ምን ነክቶት ነው ይሄ ራስ?"

"ባለቤቴ ናት፣ በጨርቅ መቀስ።"

"ይሄኛውን ጎን ለናሙና ነው የተወችው?" ተሳሳቁብኝ። ይሳሳቁ።

ከዚያ ቶንዶሱ ተነሣ። ዝዝዝዝ... የትናንቱ ድምፅ። ባዶ የሚዞር ማሽን እንዴት እንደሚጮህ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የሚበላው ሲያገኝ ደግሞ ዝቅ ይላል፣ ይጎረንናል። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

ጎርነን አለ።

ባሌ ፀጉሩ ወፍራም ነው። ቶሎ አያልቅም።