በፊደል የሄደች ተረከዝ

ጥቅምት 4

ብርድ። መንደራችን ኮሶዬ ጥቅምት ሲገባ ጥርስ ታንቀጫቅጫለች... የኔስ የሚንቀጫቀጭ አልተረፈም።

ዛሬም ማኪና አላለፈም። ይህን መንገድ ስንደለድል፣ ጠጠር ስናለብስ ነው ጉልበቴ ያለቀው። የመንገድ ሥራ ፎርማን ነበርሁ። አሁን አስፋልቱ ላይ የጎረቤቴ የዳኛው ዶሮዎች ይንሸራሸራሉ። ምግብ ቤቱ ተጓዥ ካጣ ከርሟል፤ ዶሮዎቹን የሚበላቸው የለም።

ባለቤቴ ይመኙሽ እግሯን አጣማ ስትረግጥ አየሁ። "ምነው?" ብላት "ምንም" አለች። ጫማዋን በግድ አስወልቄ ባየው፣ ከሶሉ ምስማር ወጥቶ ተረከዟን ወግቷታል። ከመቼ ጀምሮ? አታውቅም። የስኳር ሕመሟ እግሯን አደንዝዞታል።

"ምስማር ረግጦ የማይሰማው ሰው አንቺን አየሁ።"

"ካንተ ጋር የኖረ ሰው ምን ይሰማዋል?"

አሸነፈችኝ። እስከ ማታ ሳስበው ሳቅሁ።

ጥቅምት 7

አብጧል። ወዳለችን አንዲት ጤና ጣቢያ ብንሄድ መድኃኒት የላቸውም።

ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ወጥቼ ለአምሐ ደወልሁለት። ልጃችን፣ ጎንደር ሐኪም ነው። በማኪና ቁርስና ምሳ መሀል ደርሶ የሚመለስበት መንገድ... ከፋሲካ ወዲህ ግን ዓይኑን አላየነውም። በጦርነቱ መንገዱ ይዘጋል፣ እውነት ነው። ተከፍቶ በነበረ ጊዜስ?

"እማዬ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አባዬ፣ የደወልኸው ደህና ስለሆነች ነው?"

"እግሯን ትንሽ..."

"ቁስሉ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?"

"ሸጋ ነው።"

"የቁስል ሸጋ አለው?" ተቆጣ። "በቃል አላምናችሁም! ፎቶ ላኩልኝ።"

ምን ልበል? ሰው ሲጠይቅህ ደህና ነን ትላለህ። እንዲህ ነው ያደግነው። ፎቶውስ በምን ይሂድ? ኢንተርኔቱ ተዘግቷል። በአሞራ ልላክለት?

ጥቅምት 8

ወንጌላዊት "መላ አለኝ" አለች። የሴቷ ልጄ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ስታጠና ትምህርቱ ተቋርጦ እኛ ዘንድ ናት።

"አባባ፣ ፎቶ ማለት ለስልኩ ቁጥር ነው። ቁጥሩን በፈረንጅ ፊደል እጽፈዋለሁ። ሜሴጅ ደግሞ ፊደል ያሳልፋል። አጎቴ ዘንድ ሲደርስ ፊደሉን ገጣጥሞ መልሶ ፎቶ ያደርገዋል።"

"እና የሴትዮዋን እግር ፈታትተሽ ልትጭኚው?"

"አዎ።"

"ሲገጥማት ጣቷን ተረከዟ ላይ እንዳያደርገው!"

ይመኙሽ ሳቀች። ነገሩ ግን ገብቶኛል። የብረት ድልድይ እንዲያ ነበር የሚመጣልን፤ ተፈታትቶ፣ በየሳጥኑ። ተራውን ጠብቀህ ትገጥመዋለህ። አንድ ብሎን ከጎደለ ድልድዩ አይቆምም።

አምሐ አይቶ ይወስናል። ተረከዙ ከጠቆረ በዚያው ቀን በቃሬዛ እንሸከማታለን፣ መንገዱ ቢያስፈራም። ካልጠቆረ እስኪከፈት እንጠብቃለን።

የምወጣው እኔ ነኝ። ወጣት ስልክ ይዞ ጉብታ ላይ ከታየ ጥያቄው ብዙ ነው። ሽማግሌን ማን ይጠረጥራል? ሽንቱን ሊሸና ነው የወጣው ይሉታል እንጂ።

ጥቅምት 9

ፎቶውን አሳነሰችው። ቀየረችው። ቆራርጣ በተራ በተራ አስቀመጠችልኝ።

"ላክ የሚለውን መንካት ብቻ ነው፣ አባባ። አንዲት ፊደል እንዳትነካብኝ።"

"እሺ፣ እመቤቴ።"

ስልኩን ጋቢዬ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ። ሜሴጁን አየሁት... ሰላምታ የለው፣ ክፍተት የለው፣ አራት ነጥብ የለው። የሰከረ ሰው ፊደል ሲቆጥር ይመስላል። ለገዛ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትህ እንኳ ሳልለው! እኔ ስንት ጊዜ ጽፌለት አልመለሰልኝም፤ ለዚህ ዝብርቅርቅ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ግማሹን በጨዋ ደንብ ላክሁ። ንፋሱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ነው። ከዚያ ሰይጣኔ መጣ። ካንዱ ሜሴጅ ጫፍ፣ በዚያው በፈረንጅ ፊደል፣ ቃሉን ሳልለያይ፣ ከሌላው እንዲመሳሰል አድርጌ "ዶክተር ሆይ አባትህ ገና አልሞተም" ብዬ ጨመርሁበት። ፈልጎ ያግኛት። ምርመራ ተምሮ የለ?

ብቻዬን እየሳቅሁ ወረድሁ።

ጥቅምት 10

በጠዋት ወጣሁ። የአምሐ መልስ ደርሷል። "ፎቶው ተከፍቷል፣ ግን ከላይ በኩል ያለው ብቻ። ጣቶቿ ደህና ናቸው። ከዚያ ወዲያ ግራጫ ሆነብኝ። እስካሁን ያየሁት አያስፈራም። ሙሉውን ድገሙልኝ።"

ወርጄ ለወንጌላዊት ነገርኋት። እንደገና አዘጋጀችው። ስመለስ ኔትወርክ የለም። ጥሪም፣ ሜሴጅም፣ ምንም። እስኪመሽ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ቆምሁ። ያየኝ ሰው ጸሎት ላይ ነው ብሎ ይሆናል።

ወንጌላዊት "አብዝቼ አሳንሼው ይሆን?" እያለች ትብሰለሰላለች።

የኔዋ መስመር ትሆን እንዴ...? አይመስለኝም። አንድ መስመር ምን ታደርጋለች?

ጥቅምት 12

ኔትወርክ የለም።

ጥቅምት 13

የለም።

ዳኛው መጥቶ "አያ ሐብቴ፣ ቃሬዛ ብንሠራ አይሻልም?" አለኝ።

"ሐኪሙ አያስፈራም ብሏል" አልሁት።

እንዲያ ብሏል። ብሏል አይደል? ድገሙልኝም ብሏል...

ጥቅምት 16

ሸተተ።

ይመኙሽ "ደህና ነኝ" ትላለች። ተረከዟ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ዳኛው ጎረቤቱን ጠርቶ ቃሬዛውን እያሠረ ነው። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

ጥቅምት 18

ጎንደር ገባን። የመንደሩ ወጣቶች እየተፈራረቁ ተሸከሟት፤ እኔ ከኋላ። ሁለት ቦታ ታጣቂዎች አስቆሙን። ጋቢውን ገልጠው እግሯን ሲያዩ አፍንጫቸውን ይዘው አሳለፉን። የኔ መንገድ... የሠራሁት ለማኪና ነበር።

ከከተማው ጫፍ ደውዬለት፣ አምሐ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ተረከዙን አየ። "ይህን አይቼ ቢሆን" አለና ተወው። ዞር ብሎ "ከጉልበቷ በታች ይቆረጣል" አለ። ለኔ ይሁን ለግድግዳው፣ እንጃ።

ጥቅምት 19

ተቆረጠ።

ጥቅምት 23

ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጠናል፣ ከወንጌላዊት ጋር። የአጎቷን ስልክ ተውሳ የደረሰውን ፊደል ከላከችው ጋር ታስተያያለች። ሻዩ ቀዘቀዘ። "የኔ ጥፋት ነው፣ የት እንደተሳሳትሁ ልወቅ" ትላለች። ልነግራት አፌን ከፈትሁ... ስኳር እንዲጨምሩልኝ ጠየቅሁ።

ከዚያ ጣቷ ቆመ። ፊደሏን አንድ በአንድ አነበበቻት። ዶ... ክ... ተር... ሆይ።

"አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ቀልድ ነበር።"

"አንዲት ፊደል ብትጨመር እንኳ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። በአማርኛ ፊደል ብትጽፈው እናየው ነበር፣ እናወጣው ነበር። አንተ ግን አመሳስለህ..." ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። "ይህን ሁሉ ቀን ራሴን ስረግም እያየህ ዝም አልህ?"

የጎደለ ብሎን ድልድይ እንደሚጥል አውቃለሁ። የተረፈ ብሎን ይጥላል ብሎ ማን ያስባል?

ለአምሐ ነገረችው። ማታ መጥቶ ራት ገዛልኝ። ዓሣውን አጥንት አጥንቱን አወጣልኝ፣ እንደ ሕፃን። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 8

መንገዱ ለጥቂት ቀን ተከፈተ፤ ቤታችን ገባን። ይመኙሽ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። የቀኝ ጫማዋ ከአልጋው ሥር እንዳለ ነው። የሚያነሣው የለም።

ነገርኋት። ሁሉንም።

ክራንቿን አንሥታ ጭኗ ላይ አጋደመችው። ከዚያ...

"ልጅህን ሰላም ለማለት የኔን እግር ፈለግህ?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሷ ነበረች ሁልጊዜ በቀልድ የምትመልስልኝ፤ የዛሬው ቀልድ አልነበረም።

ኅዳር 21

ዳኛው ደጃፉ ላይ ሰዎች ይዞ "አያ ሐብቴ፣ ምነው ጠፋህ? ና አንድ ሁለት ስደበን እንጂ!" አለኝ። እጄን አንሥቼ አለፍሁ።

ታኅሣሥ 3

መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። ኢንተርኔቱም እንደዚያው ነው። ኔትወርኩ ግን ጉብታው ላይ ተመልሷል። አምሐ የተቆረጠው ቦታ መዳኑን ማየት ይፈልጋል። ወንጌላዊት አነሣች፣ አሳነሰች፣ ቀየረች፣ ቆራረጠች። ስልኩን ሰጠችኝ። አንዲት ፊደል እንዳትነካብኝ አላለችም። ያ ነው ያመመኝ።

ወጣሁ። ንፋሱ ያው ነው። አንዱን ላክሁ። ሁለተኛውን። በየመሀሉ ጣቴን ብብቴ ውስጥ እየከተትሁ አሞቅሁት። እስከ መጨረሻው ላክሁ። ምንም አልጨመርሁም።

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። መልሱ መጣ።

"ሙሉው ደርሷል። ቁስሉ ሸጋ ነው።"

ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ።

"አባዬ፣ ዛሬ ሰላምታ የለም?"

ብዙ ጊዜ አየሁት። እንዴት ሰነበትህ ልጄ ብዬ ጻፍሁ። ጣቴ ላክ የሚለው ላይ ደርሶ... አጠፋሁት። ፊደሉ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄደ።

ወርጄ ስልኩን ለወንጌላዊት ሰጠሁ። ይመኙሽ ከአልጋው ላይ ቀና አለች።

"ምን አለ?"

"ደርሷል፣ ድኗል አለ።"

"ሌላስ?"

"ምንም።"