እናታችን ያቃናችው መንገድ

ለውድ እትዬ፤

እንዴት ነሽ? ያ የጻፍሽልኝ ጥርስ ተነቀለ ወይስ አሁንም እያባበልሽው ነው? አያታችንስ እንዴት ናቸው? ዓይናቸው ከአዲሱ መነጽር ጋር ተስማማ? እኛ ደህና ነን፤ እኔን ግን እናታችን ልታሳብደኝ ነው።

አስተማሪያችን ቤተሰባችን ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በጨርቅ ላይ ሰፍተን እንድናመጣ አዘዙን። በወሩ መጨረሻ ክፍሉ ፊት ቆሞ ማስረዳትም አለ። ስሜ ሲጠራ እንኳ "አቤት" ለማለት ድምፄ እንደሚጠፋ ታውቂያለሽ። ቢሆንም መንገዱን በሰማያዊ ክር ሰፋሁት፤ ወንዙ ጋ ዞር፣ ስንመጣ የጫነን መኪና የተበላሸበት ጋ ቆም እያልኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናታችን ልብስ ሰፊነቷ አላስችላት ብሎ ፈትታ በስፌት መኪናዋ ደግማዋለች፤ እንደተተኮሰ ሱሪ ቀጥ ብሏል! "ጠማማ ስፌት ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ደንበኛ ቢያይ ምን ይላል?" አለችኝ። የምን ደንበኛ! አስተማሪውም "ይህ የልጅ እጅ አይደለም" ብለው መለሱት። እንደገና ሰፋሁ፤ እንደገና ፈታችው። ጎማ ጠጋኙን አባታችንን ብለምነው "መርፌ ከያዘች ሴት ጋር አታጣይኝ" ብሎ ሹልክ አለ።

ሦስተኛ ጊዜ ስትፈታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት። እትዬ፣ አውቃ ነው መሰለኝ። ክሩ ለሁለት የሚከፈልበትን፣ እኛ ሄደን አንቺ ከአያታችን ጋር የቀረሽበትን ቦታ፣ ሁልጊዜ አንድ መስመር ታደርገዋለች። ለምን ብላት "ለትምህርቷ ነው የቀረችው፤ አትነዝንዢኝ" አለች። አባታችን ግን መኪናው ላይ ቦታ ጠፍቶ ነው ይላል። አናጢው አጎታችን ደግሞ "ራሷ በሩን ይዛ አልሄድም አለች" ይላል። ያኔ እኔ የሁለት ዓመት ልጅ፣ ምን አውቄ! ሦስት ሰው፣ ሦስት ወሬ፤ የቱን ልስፋ?

አስተማሪው "ይህቺ ለብቻዋ የቀረችው ክር ማን ናት?" ማለታቸው አይቀርም። የሰው መልስ ተቀብዬ በአንቺ ላይ መዋሸት አልፈልግም። ስለዚህ መንገዱን እንደገና ሰፍቼ ጨርቁን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ፤ መርፌው ጫፉ ላይ ተሰክቷል። መንገዱ የሚከፈልበት ላይ ያንቺን ክር አልሰፋሁትም። አንቺው ስፊውና ወሩ ሳያልቅ መልሺልኝ፤ ክርሽ ወደፈለግሽበት ይሂድ፣ የፈለገውን ያህል ይጥመም። መናገር ካልፈለግሽም አትጻፊልኝ፤ ክሩን አሳይቼ ዝም እላለሁ። አስተማሪው ቢቆጡ ይቆጡ፤ እናታችን ግን ያንቺን እጅ አትፈታውም።

አያታችንን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እናታችን፣ አባታችንና አጎታችን፣ በዚህ እንኳ ተስማምተው፣ በጣም ናፍቀሽናል ይሉሻል።

ታናሽ እህትሽ

ከስፌት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍል
ሚያዝያ 4 ቀን